ጋሽ ወረደ አዲሱን አዳራሽ ሊሰድብ ሄደ

የእህቴን ባል አልወደውም። ይህን መጀመሪያ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ በኋላ «አዳልታለት ነው» የሚል ሰው እንዳይመጣብኝ። እሱም እኔን አይወደኝም። እህቴን ያገባ ሰሞን አንቱ እለው ነበር። እህቴን የቀበርን ቀን አንተ አልኩት፤ ከዚያ ወዲህ አንተም ሲበዛበት ነው።

ስም አለው፣ ግን በስሙ የሚጠራው የለም። ሁሉም ጋሽ ወረደ ነው የሚለው። ይህን ስም ያወጡለት የድሮው ቴአትር አዳራሽ ተዋንያን ናቸው። ጎረምሳ ሆኖ ገብቶ ፀጉሩ እስኪሸብት ድረስ የዚያ አዳራሽ መጋረጃ ሳቢ ነበር። ገና ሳያገባት «ገመድ መጎተትም ሥራ ሆኖ ሚስት ያሰጣል?» እያልኩ እህቴን አበሽቃት ነበር። አንድ ቀን እጄን ይዛ ከመድረኩ ኋላ ወሰደችኝ። ከመድረኩ ጎን ባለች ጠባብ ጥግ፣ ጨለማው ውስጥ፣ ገመዱን ክንዱ ላይ ጠምጥሞ ቆሟል። ሰላም እንኳ አላለኝም፤ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ «ዝም በይ» አለኝ። እኔን! ገና በዚያች ቀን ነው ዓይኑን የጠላሁት።

ሥራው እንዲህ ነበር። ትርኢቱ ሲያልቅ መጋረጃውን ቀስ አድርጎ ያወርደዋል። መጋረጃው ከባድ ቀይ ከፋይ ነው፤ ጫፉ ወለሉን እስኪነካ ድረስ ተዋንያኑ እንዳሉ መቆየት አለባቸው። የሞተው እንደሞተ፣ የተቃቀፉት እንደተቃቀፉ። መብራቱ ዓይናቸው ውስጥ ስለሚገባ መውረዱን እነሱ አያዩትም። ስለዚህ ልክ ወለሉን ሲነካ ጋሽ ወረደ ከጥጉ ሆኖ «ወረደ፤ ተንፍሱ» ይላል። ያኔ የሞተው ይነሳል፣ የተቃቀፉት ይላቀቃሉ፣ ሁሉም እፎይ ይላል።

ሕዝቡም የራሱ ሥርዓት ነበረው። መጋረጃው ወለል ሳይነካ ያጨበጨበ ሰው ጉዱ ፈላ፤ ከግራ ከቀኝ «አልወረደም እኮ!» እያሉ ያሸማቅቁታል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ቸኩዬ አጨብጭቤ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ሴትዮ ዞር ብላ ከእግሬ እስከ ራሴ ያየችኝ አስተያየት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። የሰፈራችን ሰው በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም።

ቤቱ ውስጥም ሰውዬው ያው ነው። ቃል ከአፉ የሚወጣው ነቀፋ ካለው ብቻ ነው። ጨው በዛ፣ በሩ ሲጢጥ አለ፣ ጎረቤት ጮኸ፣ ዋርሳዬ ደግሞ መጣች። እህቴ ግን ትወደው ነበር፤ ምኑን እንደወደደችው እግዜር ይወቀው። የመድረኩ መጋረጃ አርጅቶ ሲቀየር፣ ከአሮጌው ላይ ቁራጭ ይዞ መጥቶ የመኝታ ቤታቸው በር ላይ ሰቀለላት። ሳይለካ ስለቆረጠው አጠረ፤ ከወለሉ ከፍ ብሎ ቀረ። እህቴ ለመጣ ለሄደው ሁሉ እያሳየች ትስቃለች። «አያችሁልኝ? የመንግሥትን መጋረጃ ዕድሜ ልኩን ሲያወርድ ኖሮ የኔን መሬት ማድረስ አቃተው!» ትላለች። እሱ ይኮሳተራል። ቢሆንም አላነሳውም፤ እሷም አንሳው አላለችው።

አንዲት ልጅ ወለዱ። እዚያች ጨለማ ጥግ ውስጥ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ፣ የአባቷን የገመድ ጫፍ ይዛ ነው ያደገችው። አድጋ ተዋናይ ሆነች። ይህ አይገርምም፤ የሚገርመው እንደ አባቷ ነገረኛ አለመሆኗ ነው።

ከዚያ እህቴ ሳንባዋን ታመመች። ያን ሰሞን አሮጌው አዳራሽ ሊፈርስ ተዘግቶ ስለነበር ሰውዬው ቤት ነው የሚውለው። ልጅቷ ከቡድኗ ጋር ከከተማ ከተማ እየዞረች ነበር። እኔ ቤቴን ዘግቼ መጥቼ አስታመምኳት። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ትራሷን ከፍ ዝቅ ሳደርግ፣ ጀርባዋን ሳሽ እውላለሁ። ትንፋሽ ሲያጥራት እኔም አብሬ ያጥረኛል። ሰውዬው አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ገብቶ «እንዴት ዋልሽ» አላላትም። ሳሎን ሆኖ ብቻውን ሲያጉተመትም እሰማዋለሁ፤ መቼም ሲራገም ነው ብዬ ጆሮዬን አልሰጠውም። እህቴ ዓይኗን የበሩ ግርጌ ላይ ተክላ ትውላለች። ይመጣል ብላ ነው እያልኩ አንጀቴ ያራል። እንደዚያው እያየች ሞተች።

ልጅቷ የደረሰችው ለቀብሩ ነው። ከቀብር መልስ፣ ሰው ሳሎኑን ሞልቶት ሳለ፣ ሄዳ አባቷ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ አክስቴ አንድ ቀን አልገባም ትላለች። እውነት ነው?»

«አልገባሁም» አለ።

«ለምን?»

ሰው ሁሉ ዓይኑን እሱ ላይ ጥሏል፤ እሱ የጣሪያውን ጥግ ያያል። ሁለተኛ ጠየቀችው። አፉን እንደለጎመ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ልጅቷ በዚያው ልብሷን ሰብስባ እኔ ቤት ገባች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባትና ልጅ ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

አሮጌው አዳራሽ ፈረሰ፤ እዚያው ቦታ ላይ አዲስ የኪነ ጥበባት ማዕከል ተሠራ። ጋሽ ወረደ በዚያ መንገድ ማለፍ ተወ። መድኃኒት ቤቱ እዚያው ፊት ለፊት ሳለ፣ ኪኒን ሊገዛ ሌላ ሰፈር ይሄዳል። ስለ ሕንፃው የሚያወራ ሰው ከሰማ «ያን የሲሚንቶ ክምር ነው?» ይላል። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም።

ታዲያ ባለፈው ልጅቷ ሁለት ትኬት ይዛ መጣች። በአዲሱ አዳራሽ በሚታይ ቴአትር ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ልትጫወት ነው። እልል ልል አፌን ስከፍት አንዱን ትኬት ለይታ ያዘችው።

«አክስቴ፣ ይሄን ለሱ ስጪው።»

«ለማን?»

«ለማን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«አይመጣም። በከንቱ አትድከሚ፣ የኔ ልጅ።»

«ካልመጣ ካልመጣ ነው። አባት የለኝም ብዬ አርፌ እቀመጣለሁ፤ ሁለተኛ ስሙን አላነሳም» አለችኝ። ፊቷን አየሁት፤ እውነቷን ነው። «በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሪልኝ።»

እንግዲህ ምን ላድርግ? በሞቴ ብላኛለች። የማልወደውን ሰው ልለምን ሄድኩ።

ሶፋው ላይ ተጋድሞ ራዲዮ ሲሰማ አገኘሁት። ግቢም ቁጭ በይም የለ። ትኬቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለትና የመጣሁበትን ተናገርኩ። ትኬቱን በጣቱ ገፋው።

«እዚያ የሲሚንቶ ክምር ውስጥ? እኔ? ሞኝሽን ፈልጊ።»

«ልጅህ ናት እኮ የጠራችህ!»

«አፍ የላትም? ለምን አንቺን ላከች?»

«አንተስ አፍ አለህ? ስትጠይቅህ የት ሄዶ ነበር አፍህ?» አልኩት። ደሜ ፈልቷል። ራዲዮውን ጮክ አደረገው። ልወጣ በሩ ጋ ከደረስኩ በኋላ ነው ብልሃቱ የመጣልኝ። «ለነገሩ ሰው ይስቅብሃል» አልኩት። «ያላየውን ቤት ሲሰድብ የሚውል ሽማግሌ። ከውጭ እንኳ አይተኸው አታውቅም። ወሬ ሰምቶ መሳደብ የማን ሥራ እንደሆነ ታውቃለህ።»

ራዲዮውን ቀነሰው። አገጩን አሸት አሸት አደረገ።

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለ። «ሄጄ አይቼው፣ አንድ በአንድ ነው የምሰድበው።»

እንዲህ ሆኖ ነው አብረን የሄድነው። ከቴአትሩ በፊት ሕንፃውን ማየት ለሚፈልግ ሰው አስጎብኚ ይዛው ትዞራለች ስለተባለ ገና በጠራራው ደርሰን ከሌሎች ጎብኚዎች ጋር ተቀላቀልን። ጋሽ ወረደ ያችኑ ዘወትር የማትለየውን፣ ጫፏ የተላጠ ቡናማ ጫማውን አድርጎ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ ሊጣላ እንደሄደ ሰው ቆፍጠን ብሎ ነው የሚራመደው። አስጎብኚዋ ቀጠን ያለች ፈገግተኛ ልጅ ናት። ገና «እንኳን ደህና መጣችሁ» ከማለቷ ጀመራት።

«ሳትጨርሱት ነው እንዴ የከፈታችሁት? ቀለም የለውም እኮ!»

«ሆን ተብሎ ነው፣ አባቴ» አለች። «ሲሚንቶው ሲፈስ በጣውላ ተይዞ ነበር። ቀረብ ብለው ይዩት፤ የእንጨቱ ጅማት ታትሞበት ቀርቷል።»

አልቀርብም ሊል ነበር፤ እግሩ ግን ቀረበ። እውነትም ግራጫው ግድግዳ ላይ የጣውላው መስመር፣ የጉጡ ክብ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። በመዳፉ ዳበሰው። «አቧራ ይይዛል» አለና እጁን ኮቱ ላይ ጠረገ።

ወደ ጎን ስንዞር ቀጥ ብሎ ይሄድ የነበረው ግድግዳ ድንገት ወደ ውስጥ ጎበጥ ይላል። ጎባጣው ውስጥ አንድ ትልቅ ዛፍ ቆሟል። ጋሽ ወረደ ቆመ። የድሮው አዳራሽ ጓሮ የነበረው ዛፍ ነው፤ በእረፍት ሰዓት ከሥሩ ተቀምጦ ሲጋራውን የሚያጨስበት። እህቴ ምሳውን የምታመጣለትም እዚያው ነበር።

«አልቆረጡትም?» አለ።

«ግድግዳው የታጠፈው ለሱ ሲባል ነው። ሥሩ እንዳይነካ መሠረቱን ራቅ አድርገው ነው የቆፈሩት» አለች አስጎብኚዋ።

ግንዱን ከላይ እስከ ታች አየው። እኔም እሱ ፊት አላለቅስም ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«ለዛፍ አዘኑ» አለ በመጨረሻ፤ «ለሰው ግን አላዘኑም።»

የአስጎብኚዋ ፈገግታ ትንሽ ኮሰስ አለ። በሩን ከፍታ አስገባችን። የመግቢያው ጣሪያ ዝቅ ያለ ነው፤ «ጎንበስ ብላችሁ ግቡ ነው የምትሉን? እስር ቤት ነው?» እያለ እየተነጫነጨ ገባ። ጥቂት እንደተራመድን ጣሪያው ባንዴ ከላያችን ተነስቶ ሄደ። ሽቅብ ሰማይ ቤት የደረሰ ግድግዳ፤ ከላይ በጠባብ ረጅም ክፍተት ብርሃን ይገባና ግድግዳውን ታክኮ እስከ ወለሉ ይወርዳል። እኔ፣ ለነገር እንጂ ለቤት የማልደነቅ ሴት፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጎብኚው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ጋሽ ወረደ ወለሉ ላይ ወዳረፈው ብርሃን ሄዶ መሀሉ ቆመ። ሽቅብ አየ። ስድብ ጠበቅኩ፤ አልመጣም።

«አምፖል ቆጥበዋል» አለ ቆይቶ፣ ግን ልብ ያለው ስድብ አልነበረም። አየሁት፣ እየተሸነፈ ነው። ደስ አለኝ፤ ሲሸነፍ ማየት ደስ ይለኛል።

አዳራሹ ውስጥ ገባን። ግድግዳው በሙሉ እንጨት ነው፤ ቀጥ ያለ አይደለም፣ ከላይ እስከ ታች እጥፍ እጥፍ እያለ ነው የሚወርደው። ጋሽ ወረደ «አናጢው ሰክሮ ነው?» አለ።

«ቀጥ ቢል ድምፁን መልሶ ይወረውረው ነበር» አለች አስጎብኚዋ፤ እሷም አሁን በረታች። «እጥፋቱ ድምፁን ይበትነዋል። ደግሞ አዳራሹ ውስጥ አንድም ምሰሶ የለም፣ አባቴ። የትም ቢቀመጡ መድረኩ ይታያል።»

በዚህስ ምን ይላል? በድሮው አዳራሽ መሀል ለመሀል የቆመ ምሰሶ ነበር። የሰፈራችን ሰው ግማሹ አንገቱ የተጣመመው በዚያ ምሰሶ ነው እየተባለ ይቀለዳል። ጋሽ ወረደ የተዘጋጀበት ስድብ አልቆበት፣ በእጁ እጥፋቱን እየተከተለ ቀስ ብሎ ይራመዳል። ከፋይ እንደሚዳብስ ሰው ነው የሚዳብሰው። ከዚያ ድንገት መድረኩን አየና እጁን አነሳ።

«መጋረጃውስ?»

«እዚህ መጋረጃ የለም» አለች አስጎብኚዋ። «ተዋናዩና ሕዝቡ መሀል ምንም ነገር እንዳይኖር ተብሎ ነው።»

ፊቱ ደም ለበሰ። «መጋረጃ የለም? ታዲያ ማለቁ በምን ይታወቃል? ሰው የሚያርፈው የት ገብቶ ነው? ራቁቱን የቆመ ቤት!» እያለ አዳራሹን በጩኸት ሞላው። ጎብኚዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ምስኪኗ አስጎብኚ ነገሩን ልታበርድ ብላ ነው መሰለኝ፣ «እስቲ ድምፁን እንሞክረው» አለች። «አንድ ሰው መድረኩ ላይ ቆሞ በሹክሹክታ ይናገር፤ ሌላው መጨረሻው ረድፍ ላይ ሆኖ ያዳምጥ። ጥርት ብሎ ይሰማል።»

«ውሸት!» አለ ጋሽ ወረደ። «በኛ ጊዜ ተዋናይ ጉሮሮው እስኪነቃ ጮሆ ነው ኋላ ያለው የሚሰማው። እኔ ወጥቼ አዳምጣለሁ፤ ስለ ውሸትሽም እዚያው ሆኜ እነግርሻለሁ።» እየተንደረደረ ደረጃውን ወጥቶ መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

መድረኩ ላይ የሚወጣ ጠፋ። ሁሉም «አንተ ውጣ፣ አንቺ ውጪ» ሲባባል አንዷ ገፋ አደረገችኝና ራሴን እዚያ ላይ አገኘሁት። ሽቅብ አየሁ። እሱ እዚያ ሩቅ፣ ክንዱን አጣምሮ፣ እንዳኮረፈ ተቀምጧል። ያን ሁሉ ጊዜ ሆዴ ውስጥ የቆየው ነገር ተነሳብኝ። አይሰማም ደግሞ! ከዚህ እስከዚያ ማን ይሰማል? ከንፈሬን እንኳ በደንብ ሳልከፍት ተነፈስኩት።

«እህቴ በሩን እያየች ሞተች። አንድ ቃል ስትጠብቅ። አንተ ልብ የሌለህ ሰው፣ ቃል ነፍገህ ገደልካት።»

ከዚያ ከላይ፣ ከመጨረሻው ረድፍ፣ ሳይጮህ፣ ሳይቆጣ፣ ልክ ጆሮዬ ሥር ቆሞ እንደሚናገር፦

«ሰማሁሽ» አለ።

ጎብኚው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል፤ ሁሉም ሰምቷል። አስጎብኚዋ «እንግዲህ... ድምፁ በደንብ ይሄዳል» አለች። ጋሽ ወረደ ተነስቶ በላይኛው በር ወጣ።

ያኔ ነው የሠራሁት ሥራ የገባኝ። ይህን ሰውዬ እዚህ ያመጣሁት ለልጅቷ ነው፤ አሁን ሄደ ማለት ልጅቷ ዛሬ አባት የለኝም ብላ አረፈች ማለት ነው። እየሮጥኩ ወጣሁ። ዛፉ ሥር ቆሞ አገኘሁት።

«ትገባለህ አትገባም?» አልኩት። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሮጥኩት፤ ከአፌ የወጣው ግን ይሄ ነው።

«ካንቺ ጎን አልቀመጥም።»

«አታስፈልገኝም! የፈለግክበት ተቀመጥ። ብቻ ግባ።»

ፊቱን ወደ ግንዱ አዞረ። ሰዓቱ ደርሶ ሰው መግባት ሲጀምር እኔም ተስፋ ቆርጬ ገባሁ። የኔ ወንበር ከፊት ነው፤ ከጎኔ ያለው የሱ ወንበር ባዶውን ቀረ። ዞር ዞር ብዬ ፈለግኩት። መብራቱ ሊጠፋ ሲል ብቻ በላይኛው በር አንድ ኮቱን የቆለፈ ሰው ገብቶ ጥግ ላይ ሲቀመጥ አየሁ።

ልጅቷ መድረኩ ላይ ስትወጣ መጀመሪያ ያየችው ያን ባዶ ወንበር ነው። አየኋት፤ ዓይኗ አረፈበትና ተነሳ። በአገጬ ወደ ኋላ ላመለክታት ሞከርኩ፤ አላየችኝም፣ ሥራዋን ጀምራለች። ቤቷን ልቀቂ የተባለች ሴት ሆና ነው የምትጫወተው። ዕቃዋን አንድ በአንድ ታወጣለች፤ እያንዳንዱን ስታነሳ ከሱ ጋር ትጣላለች፣ ትሰድበዋለች፣ መልሳ ታቅፈዋለች። ምን ልበላችሁ፣ ንዴቷ የጨዋታ አልነበረም። ሕዝቡ ትንፋሹን ውጦ ነው የሚያያት። ስታቃስት ይሰማል፤ ጣቷ ሳህን ሲነካ ይሰማል። ያ ቤት ምንም ነገር አያመልጠውም።

መጨረሻው ላይ የቀረውን ትልቅ ሻንጣ አንስታ፣ አፏን እንደከፈተች፣ አንድ እግሯን ወደ ውጭ አድርጋ ቆመች። መብራቱ ደብዘዝ ብሎ እዚያው ቀረ። አለቀ።

ማለቁን ግን ማን ያውቃል? የመጣው ሰው አብዛኛው የኛው ሰፈር ሰው፣ የድሮው አዳራሽ ደንበኛ ነው። መጋረጃ ሳይወርድ ማጨብጨብ እንደሌለበት ከልጅነቱ ያውቃል። መጋረጃ ይጠብቃል። መጋረጃ ደግሞ የለም። ከኋላዬ አንዱ እጁን ሲያነሳ ሚስቱ «ተው፣ አልወረደም» ብላ እጁን ያዘችው። እኔም እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ፤ እውነቱን ልናገር፣ ያችን ዞር ብላ ያየችኝን ሴትዮ አስታወስኩ።

ልጅቷ ቆማለች። ሻንጣው ከባድ ነው፤ ውስጡ እውነተኛ ዕቃ ነው የሞሉት። ክንዷ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማስቀመጥ አትችልም፣ ሕዝቡ ካላጨበጨበ ትርኢቱ አላለቀም ተብላለች። ትንፋሿን ይዛለች። የአንገቷ ሥር ተገትሮ ይታየኛል። ሳላለቅስ አልቀረሁም፤ የምሠራው ግን አጣሁ። ያን ሁሉ ሰው ዓይን ፈርቼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ከላይ መጣ። ዝቅ ያለ፣ የጎረነነ፣ ጨለማ ውስጥ ተናግሮ የለመደ ድምፅ።

«ወረደ» አለ። «ተንፍሺ።»

የልጅቷ ትከሻ ወረደ። ሻንጣው እግሯ ሥር አረፈ። ትንፋሿ ሲወጣ አዳራሹ በሙሉ ሰማው። ከዚያ የድሮው ደንበኛ ሁሉ ያን ድምፅ ለየውና ተነስቶ ማጨብጨብ ጀመረ፤ አዳራሹ ሊፈርስ ደረሰ። «ጋሽ ወረደ! ጋሽ ወረደ ነው!» እያለ የሚጮኸው ብዛቱ።

ልጅቷ እጅ አልነሳችም። ከመድረኩ ወርዳ፣ በአጠገቤ አልፋ፣ ደረጃውን ወደ ላይ ወጣች። ሰው ጭብጨባውን እያቋረጠ መንገድ ለቀቀላት። መጨረሻው ረድፍ ስትደርስ ጭብጨባው ቆሞ ነበር። አባቷ ወንበሩ ላይ ተጣብቆ ወደ ጣሪያው ያያል።

«ለምን አልገባህም?» አለችው።

«ደግሞ ሰው ፊት!» አለ። «ሁልጊዜ ሰው ፊት ነው የምትጠይቂኝ። ሰው ፊት መናገር የናንተ ሥራ ነው፣ የኔ አይደለም።»

«መልስልኝ።»

«አልገባሁም አልኩሽ። ቆሜ ነበር።»

«የት?»

«መጋረጃው ኋላ ነዋ!» አለ፤ አሁን ተቆጣ። «ሌላ የት ልቆም ነው? ሌላ ቦታ መቆም አውቃለሁ? ብገባ ፊቴን ታያለች። ፊቴን ካየች እንደምትሞት ታውቃለች። እኔ እንዳንቺ ፊቴን መለወጥ አልችልም።» የኮቱን ቁልፍ ነካ ነካ አደረገ። «ትንፋሽ ሲያጥራት ተንፍሺ እላታለሁ። ትተነፍሳለች። ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም።»

እኔ ከታች፣ ከፊተኛው ረድፍ ቆሜ ነው የምሰማው። እያንዳንዱ ቃል መጣልኝ። ያ የሳሎኑ ማጉተምተም ነው የመጣብኝ መጀመሪያ። ከዚያ የእህቴ ዓይን። በሩን ነው ስል የኖርኩት። በሩን ብታይ ቀና ብላ ታይ ነበር። እሷ የምታየው ከታች፣ መጋረጃው ያልደረሰበትን ነው። ጫማውን ስታይ ነው የሞተችው። አምላኬ፣ እኔ በሁለቱ መሀል ጀርባዬን አዙሬ ተቀምጬ ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል ሳይናገር መቆየቱ ደግሞ ይባስ አናደደኝ፤ እዚያው ወጥቼ ባንቀው ደስ ባለኝ።

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ጫማውን አየችው። ቡናማው፣ ጫፉ የተላጠው ያው ጫማ ነው። ቁጢጥ ብላ በሁለት እጇ ያዘችው።

ጋሽ ወረደ ዙሪያውን አየና ፊቱን አጨፈገገ።

«ተነሽ፣ ሰው ያያል። ይሄ ቤት እንደሆነ መደበቂያ የለውም» አላት። እጁ ግን ራሷ ላይ ነበር። «ሂጂ ልብስሽን ቀይሪ፤ ወደ ቤታችን እንግባ።»

እኔን የጠራኝ የለም። ቢሆንም ቦርሳዬን አንስቼ ከኋላ ከኋላቸው ሄድኩ።